የቤት ለቤት ሽያጭን የሚሰውሩ የሥራ ማስታወቂያዎችን መለየት፡ ለሞያሌና ለደቡብ ቆላማ አካባቢ ከተሞች ሥራ ፈላጊዎች የቀረበ መረጃ

ምንነቱ

በኮሚሽን ብቻ የሚከፈል የቤት ለቤት ሽያጭ ማለት አንድ ሰው የተወሰነ የወር ደመወዝ ሳይቆረጥለት ዕቃ ወይም አገልግሎት በየቤቱ፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ እያዞረ ሲሸጥ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ብቻ የተወሰነ ድርሻ የሚያገኝበት አሠራር ነው። ካልሸጠ ምንም አይከፈለውም። የትራንስፖርት፣ የምግብና የስልክ ወጪውንም በአብዛኛው የሚሸፍነው ራሱ ነው።

ሥራው በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ሱቅ በደረቴ ይዞ መንደር ለመንደር መሸጥ በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ያስተዳደረ የቆየ መተዳደሪያ ነው። ሁኔታው አስቀድሞ ከተነገረና ሥራ ፈላጊው አውቆ ከተስማማ ኮሚሽን ተገቢ የአከፋፈል ስልት ሊሆን ይችላል። ጉዳት የሚደርሰው አስተዋዋቂው ይህንን እውነት ሲሰውር ነው። ማስታወቂያው «የቢሮ ሠራተኛ»፣ «የማርኬቲንግ ኦፊሰር» ወይም «የቅርንጫፍ አስተባባሪ» እያለ ይጠራል። አመልካቹ ግን ገንዘቡንና ጊዜውን ከፍሎ ከደረሰ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ዕቃ አዙሮ መሸጥ መሆኑን ይረዳል።

ይህ ጽሑፍ እንደነዚህ ያሉ ማስታወቂያዎች የሚታወቁባቸውን ምልክቶች፣ የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ጉዳዩ የሚደነግገውን፣ ከመስማማት በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸውን ጥያቄዎችና ጉዳት የደረሰበት ሰው አቤቱታ የሚያቀርብባቸውን አካላት ያስረዳል።

የአካባቢው ሥራ ፈላጊዎች የበለጠ የሚጋለጡበት ምክንያት

ሞያሌ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በሁለቱ አገሮች መካከል የተሠራው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ የሚያልፈው የሰውና የሸቀጥ እንቅስቃሴ በሥርዓት የሚስተናገድበት ሁኔታ ተፈጥሯል። ንግድ ባለበት ሁሉ ሻጭ ይፈለጋል። በመሆኑም በከተማዋ የሚለጠፉ የሽያጭ ሥራ ማስታወቂያዎች ሁሉ አጠራጣሪ አይደሉም።

በሌላ በኩል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ በመቅረታቸው በቦረናና በአጎራባች ቆላማ አካባቢዎች በርካታ አርብቶ አደር ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን አጥተዋል። በዚህ ምክንያት ከዚህ ቀደም በእንስሳት ሀብት ይተዳደሩ የነበሩ ወጣቶች በሞያሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በነገሌ ቦረና ከተሞች የቅጥር ሥራ ይፈልጋሉ። የቅጥር ልምድ የሌለው ሰው የሥራ ውል ምን መያዝ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። ማስታወቂያውም ሆነ ውሉ የተጻፈበት ቋንቋ አፍ የፈታበት ካልሆነ ደግሞ በቃል የተነገረውን ብቻ አምኖ የመፈረም ዕድሉ ይጨምራል።

ርቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ከሞያሌ ያቤሎ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሌላ ከተማ ለሚገኝ «ቅጥር» የተጠራ ሰው የመጓጓዣ ገንዘብ ተበድሮ፣ ለቤተሰቡ «ሥራ አገኘሁ» ብሎ ተሰናብቶ ይሄዳል። እውነቱን ሲያውቅ ባዶ እጁን መመለስ ስለሚከብደው የማይፈልገውን ሁኔታ ሊቀበል ይገደዳል። አሳሳቹ ማስታወቂያ የሚተማመነውም በዚህ ላይ ነው።

በማስታወቂያው ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ማስታወቂያዎቹ በመናኸሪያ ግድግዳ፣ በመብራት ምሰሶና በሱቅ በር ላይ ተለጥፈው ወይም በቴሌግራምና በፌስቡክ ተሠራጭተው ይገኛሉ። በደላላ አፍ የሚነገሩም አሉ። ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ብቻ መታየቱ ማታለል ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለትና ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ግን ሥራ ፈላጊዎች ቆም ብለው ሊያጣሩ ይገባል።

1. የሥራ መደቡ ከተጠየቀው ችሎታ ጋር አይመጣጠንም። «ሥራ አስኪያጅ» ወይም «አስተባባሪ» ይፈለጋል ተብሎ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ የትምህርት ደረጃ ደግሞ ማንኛውም ይባላል።
2. የሚፈለገው ሰው ብዛት ከድርጅቱ አቅም ጋር አይገናኝም። በአንዲት ጠባብ ቢሮ የሚሠራ ድርጅት 50 እና 60 ሰው በአስቸኳይ እፈልጋለሁ ይላል፤ ማስታወቂያውም በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ይወጣል።
3. ደመወዝ በጣሪያ እንጂ በወለል አይገለጽም። «እስከ 15,000 ብር»፣ «እንደ ጥረትዎ»፣ «ያልተገደበ ገቢ» የሚሉ ሐረጎች ዝቅተኛው ክፍያ ስንት እንደሆነ አይናገሩም። «ደመወዝ፡ በስምምነት» የሚለው አገላለጽ በመደበኛ ማስታወቂያም የተለመደ ቢሆንም ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲመጣ ትርጉሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።
4. የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና የሚሸጠው ዕቃ አይጠቀስም። የሚገኘው የሞባይል ቁጥር ብቻ ነው።
5. የሥራው ዝርዝር ተግባር የለም። «ከሰው ጋር መግባባት የሚችል»፣ «ለለውጥ የተዘጋጀ»፣ «ራሱን ማሳደግ የሚፈልግ» የሚሉ የባሕርይ መግለጫዎች የተግባሩን ቦታ ይይዛሉ።
6. ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና፣ ለመታወቂያ ባጅ፣ ለዩኒፎርም ወይም ለዕቃ ማስያዣ ገንዘብ ይጠየቃል።

ከስልክ ጥሪ እስከ መጀመሪያው የሽያጭ ቀን

የተሰወረ የሽያጭ ሥራ አካሄድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ቅደም ተከተል አለው። አመልካቹ ሲደውል ስለ ሥራው ዝርዝር ቢጠይቅ «በአካል ሲመጡ ይነገርዎታል» የሚል መልስ ያገኛል። ቃለ መጠይቁ አጭር ነው፤ ማንም አይወድቅም። «አልፈሃል»፣ «አልፈሻል» የሚለው ዜና በዚያው ዕለት ይነገራል።

ቀጥሎ በሆቴል አዳራሽ ወይም በኪራይ ቤት «ሥልጠና» ይሰጣል። ሥልጠናው ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ደመወዝ ሳይሆን በአጭር ጊዜ ሀብታም ስለሆኑ ሰዎች የሚያወራ ነው። ክፍያን የሚመለከት ጥያቄ ያነሳ ሰው ተስፋ አስቆራጭ ተብሎ በሌሎች ፊት ይሸማቀቃል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዕቃው ይወጣል። የሶላር መብራት፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ መዋቢያ ወይም ለጤና ይጠቅማል የተባለ ምርት ሊሆን ይችላል። ሰልጣኙ የተወሰነ ብዛት በፊርማ ተረክቦ እንዲወጣ ይደረጋል።

ፊርማው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰነድ «የሥራ ውል» ተብሎ ይሰጥ እንጂ ይዘቱ የዕቃ ርክክብና የዕዳ ማመኛ ነው። ዕቃው ቢሰበር፣ ቢጠፋ ወይም ገዢው በዱቤ ወስዶ ባይከፍል ኃላፊነቱ በፈረመው ሰው ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድ ደመወዝ ፍለጋ የመጣ ሰው በወሩ መጨረሻ ባለዕዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ተመሳሳይ ዘዴ በሌሎች አገሮችም ይታወቃል። በጋናና በሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ፖሊስ «ሥራ አለ» ተብለው ድንበር ተሻግረው ከመጡ በኋላ ገንዘብ ከፍለው ወደ ሽያጭ መረብ እንዲገቡና ዘመዶቻቸውን እንዲያመጡ ግፊት የተደረገባቸውን ወጣቶች በተለያዩ ጊዜያት አግኝቷል። የድንበር ከተማ ነዋሪዎች ይህንን ተሞክሮ ሊያስተውሉት ይገባል።

ሕጉ ስለ ጉዳዩ የሚደነግገው

ኮሚሽን ደመወዝ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ አድርጎ ይተረጉመዋል። በዚሁ አንቀጽ እንደ ደመወዝ ከማይቆጠሩት ክፍያዎች መካከል የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን ተዘርዝረዋል። ስለዚህ «ደመወዝዎ ኮሚሽንዎ ነው» የሚል ቃል ከሕጉ ትርጉም ጋር አይጣጣምም። ኮሚሽን በደመወዝ ላይ የሚጨመር ሲሆን ሠራተኛውን ይጠቅማል፤ ደመወዝን ሲተካ ግን የሥራ ግንኙነቱ ራሱ አጠያያቂ ይሆናል።

ሠራተኛ ወይስ ራሱን የቻለ ወኪል? በአዋጁ አንቀጽ 4 መሠረት የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። ራሱ በሚያካሂደው የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው በአንቀጽ 3 መሠረት ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ነው። የንግድ ወኪሎችን ጉዳይ የሚገዛው የንግድ ሕግ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሠራተኛ የሆነ ሰው የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት እንዲካስ ሕጉ ይጠብቀዋል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረትም ከደመወዙ 7 በመቶ እርሱ፣ 11 በመቶ አሠሪው ለጡረታ ያዋጣሉ። ራሱን የቻለ ወኪል እነዚህን ጥበቃዎች አያገኝም።

አንዳንድ ድርጅቶች ሰዎችን «ወኪል» ብለው እያስፈረሙ እንደ ሠራተኛ ያዝዟቸዋል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይወስናሉ፣ የሚሸጡበትን ቀበሌ ይመድባሉ፣ በየቀኑ ሪፖርት ይጠይቃሉ፣ ቀሪ የሆነውን ይቀጣሉ። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ክርክር ሲነሳ ከወረቀቱ ርዕስ ይልቅ የሥራው እውነተኛ አካሄድ ይመረመራል። በመሆኑም ትዕዛዝ የተሰጠባቸውን የስልክ መልእክቶች፣ የሰዓት መቆጣጠሪያዎችና የሪፖርት ቅጾች ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የጽሑፍ ማስረጃ። የሥራ ውል በቃል ሊደረግ ይችላል። ሆኖም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አንቀጽ 7 ያስገድዳል። አሠሪው ይህንን ባይፈጽም ሠራተኛው መብቱን እንደማያጣ አንቀጽ 8 ይደነግጋል።

የሙከራ ጊዜ። «የሙከራ ጊዜ ስለሆነ ደመወዝ የለም» የሚለው አባባል የሕግ መሠረት የለውም። በአንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም በሕግ ካልተገለጸ በቀር የሌሎች ሠራተኞች መብት አለው።

ከደመወዝ ላይ ስለሚደረግ ቅናሽ። በአንቀጽ 59 መሠረት አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ ላይ መቀነስ አይችልም። የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ መርህ ያስቀምጣል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ኤጀንሲን የሚተረጉመው ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ ብሎ ነው። «ለማስቀጠሪያ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ ስለዚህ ከባድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

የፒራሚድ ሽያጭ። ገቢው ከዕቃው ሽያጭ ይልቅ አዳዲስ ከፋዮችን በማምጣት ላይ የተመሠረተ ከሆነ ጉዳዩ ከአሳሳች ማስታወቂያነት ያልፋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። እንዲህ ባለ መረብ የገባ ሰው ወንድሙን፣ አብሮ አደጉንና ጎረቤቱን ሲያስገባ ከተጎጂነት ወደ ተጠያቂነት ሊሸጋገር እንደሚችል ሊያውቅ ይገባል።

ማታለል። ሌላውን ሰው ሐሰተኛ ነገር በመናገር ወይም እውነቱን በመሰወር ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ማድረግ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ተግባር ነው። በተንኮል ምክንያት የተሰጠ የውል ፈቃድም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 መሠረት ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል።

ገቢውን አስቀድሞ ማስላት

የኮሚሽን ሥራ አዋጭ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ወጪው ሲቀነስ ነው። የሚከተለው ስሌት ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ምሳሌ ሲሆን ሥራ ፈላጊዎች በራሳቸው ከተማ ዋጋ ሊተኩት ይችላሉ።

የአንድ ሶላር መብራት ዋጋ 1,500 ብር፣ ኮሚሽኑ 10 በመቶ ነው እንበል። ከአንድ ሽያጭ 150 ብር ይገኛል። ሻጩ በቀን ለባጃጅ 120፣ ለምግብ 150፣ ለስልክ 30፣ በድምሩ 300 ብር ያወጣል። በወር 26 ቀን ቢሠራ ወጪው 7,800 ብር ይሆናል።

በቀን አንድ መብራት የሚሸጥ ሰው ወሩን በ3,900 ብር ኪሳራ ይጨርሳል። በቀን ሁለት የሚሸጠው ወጪውን ብቻ ይሸፍናል፤ ወር ሙሉ ሠርቶ ለቤቱ የሚያስገባው ነገር የለም። በቀን ሦስት የሚሸጠው 3,900 ብር ያተርፋል። ማስታወቂያው የጠቀሰውን 15,000 ብር ከወጪ በኋላ ለማግኘት በወር 152 መብራት፣ ማለትም በየቀኑ ስድስት ያህል መሸጥ ያስፈልጋል። ነዋሪዎቿ በሚተዋወቁባትና በየሱቁ ተመሳሳይ ዕቃ በሚገኝባት ከተማ ይህ መጠን ከወር እስከ ወር የሚዘልቅ መሆኑን አመልካቹ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። አንድ መብራት ለአንድ ቤት ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል በመሆኑ በመጀመሪያው ወር የገዛ ቤተሰብ በሁለተኛው ወር ደግሞ አይገዛም።

በድንበር ከተማ የሚያስፈልግ ተጨማሪ ጥንቃቄ

የዕቃው ሰነድ። በሞያሌ ዕቃ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ከሌላ ከተማ ሻጭ የተለየ ስጋት አለበት። የጉምሩክ ሥርዓት ያልተፈጸመበትን ዕቃ መያዝ፣ ማጓጓዝና መሸጥ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ያስጠይቃል። ፍተሻ ሲደረግ ዕቃው የሚገኘው በባለቤቱ መጋዘን ሳይሆን በሻጩ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዕቃው የጉምሩክ ሰነድ ወይም የግዢ ደረሰኝ ቅጂ ካልተሰጠ ዕቃ ተረክቦ አለመውጣት ይመከራል። ለጤና ይጠቅማሉ የሚባሉ ምርቶችን ያለ ፈቃድ መሸጥም ለሻጩም ለገዢውም አደገኛ ነው።

በኬንያ በኩል ስላለ ሥራ። የሁለቱ ሞያሌዎች ነዋሪዎች ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ ድንበሩን ሲሻገሩ ኖረዋል። መሻገር መቻል ግን በሕጋዊ መንገድ ተቀጥሮ መሥራት መቻል ማለት አይደለም። በኬንያ ለመሥራት የውጭ አገር ዜጋ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። «በማርሳቢት ወይም በናይሮቢ የሽያጭ ሥራ አለ፤ ወረቀቱን እዚያ እንጨርሳለን» የሚል ጥሪ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ለማሻገር ሽፋን ሊሆን ይችላል። ሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያመራው የስደት መስመር መተላለፊያ መሆኗ ስጋቱን ያጎላዋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚፈጸመው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 በተዘረጋው ሥርዓት ብቻ ነው። በማታለል ሰውን መልምሎ ለብዝበዛ ማጓጓዝ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው።

ዕድሜ። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር በሕግ ተከልክሏል። ትምህርት ሲዘጋ ልጆችን ዕቃ አስይዘው በየቤቱ የሚልኩ ሰዎች ሲያጋጥሙ ወላጆችና ጎረቤቶች ለቀበሌው ሊያሳውቁ ይገባል።

ከመስማማት በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ከሁሉም የሚቀድመው አንድ ጥያቄ አለ፦ «በወሩ ውስጥ ምንም ባይሸጥ በወሩ መጨረሻ ስንት ብር ይከፈላል?» ቋሚ ደመወዝ ያለው ሥራ ለዚህ ጥያቄ በቁጥር ይመልሳል። መልሱ «ምንም» ከሆነ ሥራው በኮሚሽን ብቻ የሚከፈል ነው፤ አመልካቹም አውቆ ይወስናል። መልሱ «እሱን አታስብ»፣ «ጠንካራ ሰው እንዲህ አይጠይቅም» የሚል ከሆነ እውነቱ እየተሰወረ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው በስልክ፣ ከቤት ከመውጣትና የመጓጓዣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊቀርብ ይገባል። ቀጥሎም የሚከተሉትን መጠየቅ ይጠቅማል።

1. የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስንት ነው?
2. የሚሸጠው ምንድን ነው? የሚሸጠውስ በቢሮ፣ በሱቅ ወይስ ቤት ለቤት?
3. ውሉ የሥራ ውል ነው ወይስ የወኪልነት ውል? ቅጂውን ወስዶ ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል?
4. የትራንስፖርትና የስልክ ወጪን የሚሸፍነው ማን ነው?
5. ያልተሸጠ ዕቃ ተመላሽ ይሆናል? ቢጠፋ ወይም ቢሰበርስ?
6. ኮሚሽኑ የሚከፈለው መቼ ነው? ገዢው በዱቤ ከወሰደስ?
7. ከአመልካቹ የሚጠየቅ ማንኛውም ክፍያ አለ?

ውሉን ማንበብ የማይችል ወይም የተጻፈበትን ቋንቋ በደንብ የማያውቅ ሰው የሚያምነውን ሰው ይዞ መሄድ ወይም ቅጂውን ወስዶ ማስነበብ መብቱ ነው። «አሁኑኑ ካልፈረምክ ዕድሉ ያልፍሃል» የሚል ጥድፊያ ላለመፈረም በቂ ምክንያት ነው። ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ መስጠት ወይም የፋይዳ መለያ ቁጥርንና የመታወቂያ ቅጂን ማንነቱ ላልተረጋገጠ ሰው በስልክ መላክ አይገባም።

ሕጋዊነትን የማረጋገጫ መንገዶች

የድርጅቱን የንግድ ፈቃድ በከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም በኢትሬድ የንግድ ምዝገባ መረጃ ገጽ ማጣራት ይቻላል። ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ነኝ የሚል አካል ፈቃድ ያለው መሆኑን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጣል። ሥራ ፈላጊዎች በየአካባቢያቸው ባለው በዚሁ ጽሕፈት ቤት በኩል በኢትዮጵያ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ሲመዘገቡ ከደላላ ውጭ ሥራ የሚያገኙበት መንገድ ይከፈትላቸዋል። በሞያሌ የኦሮሚያም ሆነ የሶማሌ ክልል የአስተዳደር መዋቅር ስላለ ነዋሪው አገልግሎቱን የሚያገኘው በሚኖርበት ቀበሌ ከሚያስተዳድረው መዋቅር ነው።

ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚወስዳቸው እርምጃዎች

በመጀመሪያ ማስረጃ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ፣ የስልክ መልእክቶችን፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኞችን፣ የፈረሙባቸውን ሰነዶች ቅጂና አብረው የነበሩ ሰዎችን ስም መያዝ ይገባል። የቀረ ዕቃ ካለ ለሰጪው በጽሑፍና በምስክር ፊት ተመላሽ አድርጎ ደረሰኝ መቀበል ዕዳው እንዳይጨምር ይረዳል።

ጉዳዩ የደመወዝ ወይም የሥራ ሁኔታ ከሆነ አቤቱታ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ይቀርባል። በዚያ ካልተፈታ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ ይቻላል። ችሎቱ ክሱ በቀረበለት በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ በአዋጁ ተደንግጓል። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ሊጠየቅ ከሚችልበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ መዘግየት አይገባም።

ገንዘብ በማታለል የተወሰደበት ወይም ወደ ውጭ አገር እንወስድሃለን የተባለ ሰው ለፖሊስ ያመለክታል። የፒራሚድ ሽያጭና ፈቃድ የሌለው ንግድ ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠቆማል። ብዙዎች ስለሚያፍሩ ዝም ይላሉ፤ ያው ማስታወቂያ ግን በቀጣዩ ሳምንት ሌላውን ይጠራል። በአንድ ማስታወቂያ የተጎዱ ሰዎች በጋራ ሲያመለክቱ ማስረጃቸው ይጠናከራል።

ግልጽ የሆነ የኮሚሽን ሥራ መለያዎች

በአካባቢው በኮሚሽን የሚያሠሩ ታማኝ ድርጅቶችም አሉ። እነዚህ በማስታወቂያቸው ላይ «የሽያጭ ሥራ» መሆኑንና ክፍያው በኮሚሽን መሆኑን ይጽፋሉ፣ ስማቸውንና አድራሻቸውን ይገልጻሉ፣ ዕቃውን ከነሰነዱ ይሰጣሉ፣ ያልተሸጠውን ይመልሳሉ፣ ከአመልካች ገንዘብ አይጠይቁም። ብዙዎቹም መነሻ ደመወዝ ከፍለው ኮሚሽኑን በላዩ ይጨምራሉ። ቋንቋ የሚያውቅ፣ በሰፈሩ የሚታመንና ሌላ ገቢ ያለው ሰው ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ሊጠቀም ይችላል።

አሠሪዎችም የሥራውን ዓይነትና የአከፋፈሉን ሁኔታ በማስታወቂያቸው ላይ በግልጽ ሲያሰፍሩ ለሥራው የተዘጋጀ ሰው ያገኛሉ፤ ተታሎ የመጣ ሰው ግን ውሎ አድሮ ጥሎ ይሄዳል። ሥራ ፈላጊዎች በበኩላቸው ምንም ባይሸጥ የሚከፈለውን መጠን በቁጥርና በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ከቤታቸው እንዳይነሱ፣ ገንዘብ እንዳይከፍሉና ዕቃ እንዳይረከቡ ይመከራሉ።